ተጨማሪ መረጃ፦ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የቆመ አንቴና

በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ቤት ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ሲቆራረጥ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሬዲዮው አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ያንጸባርቃል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ኮረብታ ይጋርደዋል። ስለዚህ አንቴናውን ወደ ውጭ አውጥቶ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል።

ርዝመቱ፦ የሞገድ ርዝመት በሜትር = 300 ÷ ድግግሞሽ በሜጋ ኸርዝ። ለ98 ሜጋ ኸርዝ 3.06 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት እኩል ክንዶች ያሉት የዲፖል አንቴና ጠቅላላ ርዝመት የዚህ ግማሽ ሲሆን፣ በተግባር 5 በመቶ ያህል ይቀነስለታል። እያንዳንዳቸው 73 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ይበቃሉ።

ከፍታው፦ በሜዳማ ቦታ የሬዲዮ አድማስ (አንቴናው በቀጥታ የሚያየው ርቀት) በኪሎ ሜትር 4.1 × √ከፍታ በሜትር ያህል ነው። አንቴናው ከ4 ወደ 9 ሜትር ሲነሳ አድማሱ ከ8 ወደ 12 ኪ.ሜ ገደማ ይሰፋል።

ግምገማው፦ አንቴናውን ከመስቀላችሁ በፊት የሚሰሙትን ጣቢያዎች መዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም የድምፅ ጥራት ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡ። ከሰቀላችሁ በኋላ በዚያው ሬዲዮና በተመሳሳይ ሰዓት ድገሙት። አቅጣጫውን፣ ከፍታውን ወይም ገመዱን ስትለውጡ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ለውጡ፤ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ጥንቃቄ፦ የአንቴናው ምሰሶ ቢወድቅ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመር በማይነካበት ርቀት ይተከል። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ናት፤ ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ንቀሉ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ልምድ ያለው አዋቂ ብቻ ይሁን።