ላፕቶፓችሁ እየጋለ ራሱን ያጠፋል? «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ወይ ቪዲዮ ኤዲት እያደረጋችሁ ላፕቶፑ መጀመሪያ ይንቀረፈፋል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ከዚያ ድርግም። ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል። «በቃ አርጅቷል» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው አቧራ ነው።

ምን እየሆነ ነው?

ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱን ላዩ ላይ የተገጠመው መዳብ ተቀብሎ ወደ ፋኑ ያደርሰዋል፣ ፋኑ ደግሞ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለውን ስስ ክፍተት የሚሞላው ተርማል ፔስት ይባላል። አቧራ መውጫውን ከደፈነው ወይም ፔስቱ ከዓመታት በኋላ ከደረቀ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል።

የአብዛኞቹ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወደዚያ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ። መንቀርፈፉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

መጀመሪያ ለኩ

ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲግሪውን ያሳያሉ። ከባድ ሥራ ላይ 80ዎቹ ውስጥ መግባት ለላፕቶፕ የተለመደ ነው። ምንም ሳትከፍቱ 80 እና 90 ካለ ግን ችግር አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ከጀርባ ፕሮሰሰሩን የሚበላ ፕሮግራም ካለ እዚያ ይታያል።

ያለ ወጪ የሚሞከሩ

1. አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አትጠቀሙ። አብዛኞቹ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሥር ነው።

2. ዊንዶውስ ላይ ፓወር ኦፕሽን ገብታችሁ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አውርዱት። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦው ይጠፋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይወርዳል።

3. አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከዚያ በአየር መውጫው በኩል አቧራውን በአየር መንፊያ አስወጡ። ፋኑ በኃይል እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ያዝ አድርጉት።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ተከፍቶ መጽዳትና ፔስቱ መቀየር አለበት። የድሮው በአልኮል ተጠርጎ ይነሳል፣ አዲሱ በትንሹ ይደረጋል። ካልለመዳችሁት ለባለሙያ ስጡት።

ስትሰጡ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ዲግሪውን ስክሪንሾት አንሱ። ስትረከቡ ያንኑ ሥራ እያሠራችሁ እዚያው ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ካልወረደ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ነው» ለሚላችሁም ቁጥሩን አሳዩትና መጀመሪያ እንዲያጸዳው ንገሩት።