ስለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች የማስታወሻ ልክ
በእንጅባራና በዳንግላ እነዚህን ዕቃዎች አስመጥተው ለተማሪዎች ለሚሸጡ ነጋዴዎች የሚከተለውን እንገልጻለን። አርዱዊኖ ኡኖ አር 3 ሁለት ዋና ማስታወሻዎች አሉት፤ እነዚህም ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይትና በሥራ ላይ ያለው ቁጥርና ጽሑፍ የሚያዝበት 2 ኪሎባይት ናቸው። ይህ ሁለተኛው በሞላ ጊዜ መሣሪያው ሳይታሰብ ይቆማል፤ ገዢውም ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ነገር ግን ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ሳይሆን ከአጻጻፉ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 50 ፊደል ያለው መልእክት 150 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የማይለወጠው ጽሑፍ በ32ቱ ኪሎባይት ብቻ እንዲቀመጥ፣ ከ0 እስከ 255 ላለ ቁጥርም 1 ባይት ብቻ እንዲመደብ ለገዢው መምከር ይገባል። ይህ ካልበቃው 520 ኪሎባይት የሥራ ማስታወሻ ያለው ኢኤስፒ32 ይቅረብለት። ዕቃው ከመመለሱ በፊት ይህን መመርመር ሻጩንም ገዢውንም ከኪሣራ ያድናል።