የዕጣን ዛፍ፦ ሙጫውን ስንለቅም ዛፉን እንዳናጣ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ዕጣን በአገራችን በቤተ ክርስቲያን፣ በቡና ሥርዓትና በየቤቱ ሲጨስ የኖረ ምርት ነው። ወደ ውጭ አገር እየተላከም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ይህን ምርት ከሚሰጡት ዛፎች ዋነኛው በሳይንሳዊ ስሙ ቦዝዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው ነው። በትግራይ፣ በመተማና በቋራ፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ቦታዎች ይበቅላል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ዛፉ ሳይጎዳ ሙጫው እንዴት እንደሚመረትና ተተኪ ችግኝ እንዴት እንደሚገኝ ነው።

የዛፉ ጠባይና ጥቅሙ

የዕጣን ዛፍ እስከ 12 ሜትር ያድጋል። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይላጣል። ሌላ ዛፍ በማይጸናበት ድንጋያማ ተዳፋትና ስስ አፈር ላይ ሥር ሰዶ ይቆማል። በዝናብ ወራት ቅጠል ያወጣል፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ያብባል፣ ያፈራል።

ዘመዶቹ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛሉ። በኡጋንዳ ሙዋፉ የሚባለው በዝናባማ ደን የሚበቅል ዛፍ ከ40 ሜትር በላይ ይረዝማል። ጣውላው ለኮምፔንሳቶና ለቤት ዕቃ ይውላል፤ ሙጫው ደግሞ እንደ ዕጣን ይጨሳል። የእኛም ዛፍ ሙጫና እንጨት ይሰጣል። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለክብሪት፣ ለሣጥንና ለቺፑድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለእንጨት የተቆረጠ ዛፍ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአግባቡ የተያዘ ዛፍ ግን ለብዙ ዓመታት ሙጫ ይሰጣል፣ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፣ ቅጠሉን ከብት ይመገበዋል። ማኅበራት ይህን ልዩነት ለአባሎቻቸው ማስረዳት ይገባቸዋል።

ችግሩ ምንድን ነው?

አንድን የዕጣን ጫካ ከሩቅ የተመለከተ ሰው ደህና ነው ሊል ይችላል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋልና። ጠጋ ብሎ ከሥር ሲፈለግ ግን ክንድ የሚያክል ወጣት ዛፍ አይገኝም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው ከተመረመሩት ጫካዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ወጣት ዛፍ የለም። ሁኔታው ካልተለወጠም በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አዲስ የበቀለውን ከብትና ፍየል ይግጠዋል፤ የበጋ ሰደድ እሳት ያቃጥለዋል። ጫካው ለእርሻ ይመነጠራል። በቆሙት ዛፎች ግንድ ውስጥ ደግሞ የረጅም ቀንድ ጢንዚዛ እጭ እየቦረቦረ ይገድላቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ በእጃችን ያለው ግን ከልክ ያለፈ ማቁሰል ነው። ሙጫ የሚወሰደው ዛፉ ቅጠል በሌለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ዛፉ አዲስ ምግብ ስለማያዘጋጅ በክረምት ካከማቸው ይጠቀማል። አበባና ፍሬውም የሚወጡት ከዚሁ ጎተራ ነው። ሙጫው በበዛ ቁጥር ለዘር የሚተርፈው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በኤርትራ የተካሄደ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ካልቆሰሉ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል፣ ከቆሰሉት የበቀለው ከመቶ ከ16 ያነሰ ነበር። ይህ ለጥጃው ሳያስተርፉ ላሚቱን አሟጦ እንደ ማለብ ነው።

አመራረቱ እንዴት ይሁን?

1. የዛፍ ምርጫ። በደረት ቁመት ላይ ሲለካ የግንዱ ዲያሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ዛፍ አይቆስል። ለመለካት ገመድ ይበቃል፤ የዙሪያው ልክ 31 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ዛፉ ይለፍ። የታመመ፣ የተቦረቦረ ወይም አሮጌ ቁስሉ ያልዳነ ዛፍም ይለፍ።

2. የቁስሉ ቁጥር። በመተማ አካባቢ የተደረገ ምርምር በአንድ ዛፍ ላይ ከ9 በላይ ቁስል ማድረግ ምርት እንደማይጨምር አረጋግጧል። ስለዚህ አሥረኛው ቁስል ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። 9ኙም ቢሆኑ ለትልልቅ ዛፎች ናቸው፤ ለቀጫጭኖቹ ቁጥሩ እጅግ ማነስ አለበት።

3. አቆሳሰሉ። ስለታም መፋቂያ ይያዝ። የመጀመሪያው ቁስል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ ያልበለጠ ይሁን። ሙጫው የሚገኘው በውስጠኛው ቅርፊት ስለሆነ መፋቂያው እንጨቱን መንካት የለበትም። እንጨቱ ድረስ የዘለቀ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ለተባይም በር ይከፍታል።

4. ጊዜው። ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ካቆመና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ በጥቅምት ገደማ ነው፤ ዝናብ ሲቃረብ ይቆማል። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ የደረቀው ሙጫ ተለቅሞ ቁስሉ በስሱ ይታደሳል። በልማድ በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ዙር ይሠራል። ምርቱ መጀመሪያ እየጨመረ ሄዶ በኋለኞቹ ዙሮች ስለሚቀንስ፣ መቀነሱ ሲታይ ሥራውን ማቆም ይሻላል።

5. ዕረፍት። ጫካው በ4 ክፍል ይመደብና በየዓመቱ አንዱ በተራ ይረፍ። ከዚህ ሌላ ለዘር ብቻ የሚጠበቅ፣ ከቶ የማይቆስል ቦታ ይለይ።

6. ለቀማና መለየት። ነጭና ትልልቅ ፍንካቹ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ከጥቁሩ፣ ከደቃቁና ቅርፊት ካለበት ተለይቶ ይቀመጥ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚገባበት ደረቅ ቦታ ያስፈልገዋል።

ተተኪው ዛፍ

ቦታውን ከከብት መከለል የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የዕጣን ችግኝ በየበጋው ግንዱ እየደረቀ በየክረምቱ ከሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ እስኪጠነክር ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አጥሩ በሁለትና በሦስት ዓመት የሚፈርስ መሆን የለበትም። ከበጋው በፊት የእሳት መከላከያ መስመር ይጠረግ። ለችግኝ ጣቢያ ዘር የሚለቀመው ካልቆሰሉ ዛፎች ብቻ ነው። ዝናብ ከመጣሉ በፊት ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ሌላው መንገድ ነው።

ለማኅበራት የምንጨምረው

ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ብቻ ከሆነ ቁስል ማብዛቱ አይቀርም፤ ለቤተሰቡ የሚተርፈው በዚያ ነውና። እርሱን ከመውቀስ ይልቅ የአከፋፈሉን ውል ማስተካከል ይቀላል። ማኅበሩ ዛፎቹን ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ለቃሚ የራሱን ክፍል ይስጥ፤ በወቅቱ መጨረሻ ቁስሉን አይቶ በአግባቡ ለሠራው ጭማሪ ይክፈል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በቦታው ተገኝቶ በመፋቂያው ራሱ ሠርቶ ያሳይ። በዓመት አንድ ጊዜም ከማኅበሩ አባላት ጋር ጫካውን ዞሮ ወጣት ዛፎችን ይቁጠር። የማኅበሩ ሀብት በመጋዘን ባለው ኪሎ ብቻ ሳይሆን በዚህ ቁጥርም ጭምር ይለካል።