አሮጌው አውቶሞቢል ዳገት ሲከብደው

አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬም በየወረዳው ከተማ እንደ በቅሎ የቤተ ሰብ አገልጋይ ሆኗል። በቅሎ ስትደክም ጌታዋ ጀርባዋንና ኮቴዋን ይመረምራል እንጂ አርጅታለች ብሎ ወዲያው አይጥላትም። አሮጌ አውቶሞቢልም ቤንዚን መስጫው ተረግጦ አልፈጥን ሲል እንደዚሁ ሊመረመር ይገባዋል።

ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ወደ ጉንደ ወይን ሲመጣ፥ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ አውቶሞቢሉ ከእግረኛ እምብዛም የማይፈጥን ሆነበት። አንድ ጋራዥም «ሞተሩ አልቋልና ይፈታ» ብሎ ፈረደበት። ወንድሜ እኔ ዘንድ መጥቶ «ጋሼ፤ ላሟን ልሸጥ ነው» አለኝ። ላሚቱ ግን የልጆቹ ወተት ነበረች። እኔ በፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ምስክር ሳይሰማ የተሰጠውን ፍርድ አልወደድሁም፤ «ቆይ፤ አስቀድመን ምስክሮቹን እንስማ» አልሁት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አገሩ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋራ ቀላቅሎ ነው፤ አየሩ ግን ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ከጉልበቱ ሩብ የሚያህለውን ያጣል፤ ይህም ሕመም አይደለም። ካርቡሬተሩ ለቈላ የተስተካከለ እንደ ሆነ በደጋ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ መድኃኒቱም ማስተካከል ነው። ነገር ግን አምና የወጣውን ዳገት ዘንድሮ ያቃተው አውቶሞቢል ጥፋቱ ከአገሩ አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ድምፅ ነው። ሞተሩ እየጮኸ አውቶሞቢሉ ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ሞተሩ ራሱ አልነሣ ካለ ግን አየር፥ ቤንዚን ወይም እሳት አጥሮታል። እንግዲህ የቤንዚን መስጫው ገመድ እንዳይላላ፥ የአየር ፊልትሮውም በአቧራ እንዳይደፈን ይታይ። በሜዳ ደኅና ሄዶ በዳገት የሚሰንፍ ከሆነ የቤንዚኑ ፊልትሮና ፖምፓው ይመርመሩ። የሚንገጫገጭና የሚተኩስ ከሆነ ካንዴላው፥ ገመዶቹና ፑንቲናው ይታዩ። ማርሚታ ውስጡ ሲደፈንም ሞተሩን ያፍነዋል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያስታውቃል፤ ያን ጊዜ የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካ። ሞተር መፍታት የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የወንድሜ አውቶሞቢል ጢስም አልነበረው፤ ድምፁም ደኅና ነበረ። በሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ለቅቀን፥ ማርሹን ዜሮ አድርገን ብንገፋው ግን እንደ ታሰረ በሬ አልንቀሳቀስ አለ። ጥቂት ነድተነው ሳንነካ እጃችንን ወደ ቸርኬዎቹ ብናቀርብ፥ የአንዱ የኋላ እግር ሙቀት እንደ ምጣድ ሆኖ አገኘነው። ለካ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሎ ኖሯል! ሞተሩ በእስር ላይ ሳለ በስንፍና ተከሶ ነበር። ፍሬኑ ተፈትቶ ጸዳ፤ ጎሚኒው ተለወጠ፤ ላሚቱም በበረቷ ቀረች።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩን አሳድሶ በዚያው ፍሬን ልጆቹን ይዞ የዓባይን ቍልቍለት ቢወርድ ኖሮ፥ የጋለው ፍሬን ዘይቱን አፍልቶ በጭንቅ ሰዓት ሊከዳው ይችል ነበር።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፥ ምርመራው ዋጋ ከሌለው ይጀምር፤ ዋጋው የከበደው መጨረሻ ይሁን። ሲመረመርም አውቶሞቢሉ በሜዳ ላይ ይቁም፤ ልጆች ይራቁ፤ ጢሱ ይገድላልና ሞተር በዝግ ቤት አይነሣ። ምስክር ሳይሰሙ የፈረዱት ፍርድ በሰው ላይ እንደሚያስጸጽት ሁሉ፥ በአውቶሞቢልም ላይ የቤተ ሰብን ጥሪት ያስጠፋል።