ለማሆጋኒ ጊታር ፊት የትኛው እንጨት ይሻላል?

ጊታር ከሱቅ የሚገዛ ሰው የሚያማርጠው ዋጋውንና መልኩን ነው። ለባለሙያ አዝዞ የሚያሠራ ሰው ግን ገና እንጨቱ ሳይጠረብ ብዙ ጥያቄ ይቀርብለታል። ጀርባውና ጎኑ ከማሆጋኒ ይሁን ብሎ የወሰነ እንደ ሆነ፣ ሠሪው ቀጥሎ «ፊቱንስ ከምን ላድርገው?» ይለዋል። ብዙዎች ይህን እንደ ልብስ ቀለም ቈጥረው በችኰላ ይመልሱታል። ነገሩ ግን እንዲህ የሚናቅ አይደለም። በእጅ የተሠራ ጊታር የብዙ ወር ደመወዝ የሚፈጅ ዕቃ ነው፤ ፊቱ ከተጣበቀ በኋላም «አልተስማማኝም» ብሎ ማስለወጥ አዲስ ከማሠራት ብዙም የማይተናነስ ድካምና ወጪ አለበት። ስለዚህ ለዛሬው ይህን ምርጫ ጥቂት ልንመረምረው አሰብን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ነገሩን ለመረዳት የኛው ማሲንቆ ይበቃል። የማሲንቆ ድምፅ የሚወለደው ከእንጨቱ ክፈፍ ሳይሆን በላዩ ከተወጠረው ቆዳ ነው፤ ክሩ በበርኩማው በኩል ቆዳውን ያርገበግበዋል፣ ቆዳውም አየሩን ያንቀሳቅሰዋል። በጊታር ላይ የቆዳውን ሥራ የሚሠራው ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ስስ ሳንቃ ነው። በዚህ ሳንቃ ላይ የተወጠሩት ስድስት የብረት ክሮች ባንድነት የሚስቡት ኃይል ከ70 ኪሎ ይበልጣል፤ አንድ ጐልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት ተንጠልጥሎበት የሚኖር ያህል ማለት ነው። እንግዲህ ሳንቃው ይህን ሁሉ ሸክም እንዳይጐብጥ ጽኑ፣ በጣት ጫፍ ሲነኩት ደግሞ ወዲያው እንዲንቀጠቀጥ ቀላል መሆን አለበት። ጽናትና ቅለት ባንድ እንጨት ላይ አብረው የሚገኙት በስንት አንዴ ነው፤ ጊታር ሠሪዎች ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ ለዘመናት ስፕሩስ የሚባለውን የብርድ አገር ዛፍ የሙጥኝ ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የስፕሩስ አንድ ሜትር ኩብ 400 ኪሎ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይመዝናል። ድምፅ በእንጨቱ ርዝመት ሲጓዝ ደግሞ በሴኮንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በአየር ውስጥ ግን የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ፊቱ ከጀርባው ይበልጣል የሚለውን ሐሳብ በሥራ ለማስረዳት የተነሣ አንድ ሰው ነበር። የአልሜሪያው ስፔናዊ አንቶንዮ ደ ቶሬስ (1817-1892) የዛሬውን የክላሲክ ጊታር ቅርጽ ያስያዘ ባለሙያ ነው። እሱም በ1862 ፊቱን ከስፕሩስ፣ ጀርባውንና ጎኑን ግን ከወረቀት ካርቶን አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ። ያ ጊታር በባርሴሎና የሙዚቃ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቶሬስ ካርቶን ከማሆጋኒ ይሻላል ማለቱ አልነበረም፤ ዋናውን ዘፋኝ ማሳየቱ ነበር። በቅርቡም በ2018 ከእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ወደዚሁ ያደላል። ስድስት ጊታሮች በአንድ ዓይነት አሠራርና በአንድ ዓይነት የስፕሩስ ፊት ተሠሩ፤ የጀርባና የጎናቸው እንጨት ብቻ ተለያየ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ማሆጋኒ ነበር። 52 ጊታር ደርዳሪዎች እንጨቱን እንዳያዩ ተደርገው ሲመዝኗቸው ውድ የሚባለውን ከርካሹ ለይተው ሊያስበልጡ አልቻሉም። «ማሆጋኒ እንዲህ ይላል፣ ሮዝውድ እንዲያ ይላል» እያሉ ሰዓት ለሚፈጁ ወዳጆቻችን ይህን ጥናት ብንጠቅስላቸው የሚቀየሙን አይመስለንም፤ ቢቀየሙም ጥናቱ ጥናት ነው።

ከስፕሩሶቹ በብዛት የሚገኘው ሲትካ የሚባለው ነው። ከአላስካ ጀምሮ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በኩል እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ በሰላማዊው ውቅያኖስ ዳርቻ ይበቅላል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የአውሮፕላን ክንፍ አጥንት የሚሠራበት እንጨት እሱ ነበርና፣ ጽናቱ ያልተመሰከረለት አይደለም። ለሁሉ ዓይነት አመታት ስለሚመች፣ የራሱን አመታት ገና ያልለየ ሰው ሲትካን ቢያዝ አይጸጸትም።

ቀዩ ስፕሩስ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ተራሮች የሚመጣ ነው። በ1833 ከሣክሶኒ ወደ ኒውዮርክ የተሰደደው የማርቲን ቤተሰብ በፔንሲልቫኒያ ናዝሬት ላይ የመሠረተው ታዋቂ ፋብሪካ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ የብረት ክር ጊታሮቹን በዚህ እንጨት ሲሠራ ቆይቶ፣ ትልልቁ ዛፍ በመጥረቢያ ስላለቀ ወደ ሲትካ ዞረ። ዛሬ ከአሮጌ ጊታሮች ሁሉ የሚፈለጉት እነዚያው ናቸው። ቀዩ ስፕሩስ በመግረፊያ አጥብቆ የሚገርፈውን ሰው የሚችል እንጨት ነው፤ ሌላው ፊት ድምፁ መዘበራረቅ በሚጀምርበት ኃይል እሱ ገና ቃሉ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን በለዘብታ ለሚደረድር ሰው አዲስ ሳለ ደረቅና ቁጥብ ሊሆንበት ይችላል። ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ስለ ሴዳር ስንናገር የስሙን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልሆነልንም። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የሊባኖስ ዝግባ ተብሎ የተተረጐመው እውነተኛው ሴዳር ነው። እኛ በደናችን ዝግባ የምንለው ዛፍ ደግሞ ሌላ ነው። ለጊታር ፊት የሚሆነው የአሜሪካው «የምዕራብ ቀይ ሴዳር» ከሁለቱም አይደለም፤ በዘሩ ቢቈጠር ለኛው ለሐበሻ ጥድ ይቀርባል። እንጨቱ ከስፕሩስ ይቀላል፣ ይለሰልሳልም፤ በ1960ዎቹ የማድሪዱ ሠሪ ሦስተኛው ሆሴ ራሚሬዝ ለክላሲክ ጊታር ስለተጠቀመበት ዝናው በሰፊው ወጣ። ሴዳር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሞቅ ያለና ፈጥኖ የሚመልስ ድምፅ አለው፤ በጣቱ ብቻ ለሚደረድርና እጁ ቀላል ለሆነ ሰው ከማሆጋኒ ጋር ሲጋባ እጅግ ደስ የሚል ነው። ጕድለቱ ሁለት ነው፤ አጥብቀው ሲገርፉት ቶሎ ይደክማል፣ በጥፍር ጫፍም ይጫራል።

ፊቱም ጭምር ማሆጋኒ ይሁን የሚሉ አሉ። ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ማርቲን በ1922 ለብረት ክር እንዲሆን አስቦ ያወጣው ጊታር ሁለመናው ማሆጋኒ ነበር። ማሆጋኒ ከስፕሩስ ስለሚከብድ ድምፁ አጭርና ድፍን ይሆናል፣ ደወሉ ያንሳል። ለብቻው ሲሰሙት ጥቂት ያፈነ ይመስላል፤ ዘፋኝ ሲዘፍንበት ግን የሰውን ድምፅ አይሻማም። ስለዚህ ጊታርን ለዘፈን ማጀቢያ ብቻ ለሚፈልግ ሰው በበኩላችን ይህን ምርጫ አንነቅፍም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዛፉን ስም ብቻ ይዞ መከራከር ልክ አይደለም። ከአንድ ዘር በወጡ ሁለት ሳንቃዎች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ዘሮች መካከል ካለው ልዩነት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ ሴት ዕቃውን በጣቷ አንኳኵታ እንደምትሰማ፣ ጊታር ሠሪም ሳንቃውን ከአንድ ዳር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በጣቱ አንጓ ይመታዋል፤ ጠንከርና ረዘም ብሎ የሚጮኸውን ይለያል። ቀጥሎ በርዝመቱና በወርዱ ለጠጥ እያደረገ ጽናቱን በእጁ ይመዝናል። ሳንቃው እንደ ብርቱካን ፍልቃቂ ከግንዱ መሐል ወደ ዳር የተሰነጠቀ፣ የዕድሜ መስመሮቹም በጠርዙ በኩል ሲያዩአቸው ቀጥ ብለው የቆሙ መሆን አለባቸው። እንዲህ ያለው ሳንቃ ለሁለት ተገምሶ እንደ መጽሐፍ ይገለጥና መሐሉ ላይ ይጋጠማል። ነጋዴዎች ሳንቃን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ የሚመድቡት ግን ባመዛኙ በመልኩ ነው፤ መስመሩ ጠበብ ያለውና ቀለሙ እኩል የሆነው ዋጋው ይንራል። ጆሮ ይህን ደረጃ አያውቀውም። ሰፋ ያለ መስመርና ጥቂት የቀለም መዛነፍ ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ሳንቃ ደኅና ሲጮኽ ተገኝቶ ብዙ ገንዘብ ያተረፈላቸው ሠሪዎች ሞልተዋል።

የገንዘቡ ነገር ከዛፉም ዕድሜ የተያያዘ ነው። ጕጥ የሌለበት ይህን የሚያህል ወርድ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ከቆመ ግንድ ነው። ማሆጋኒውም ራሱ ከ2003 ወዲህ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ስለገባ፣ ግንዱና ሳንቃው ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር አያልፍም፤ በዚህም ምክንያት ሳፔሌ የሚባለውን የአፍሪካ እንጨት በምትኩ የሚያቀርቡ ሠሪዎች ብዙ ናቸው። ሳንቃው የተቈረጠበትን አገር የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ እንግዲህ ነዝናዛ አያሰኝም።

ለማዘዝ የሚሄደው አንባቢያችን ለሠሪው ሊነግረው የሚገባው ሌላ ነገር አመታቱን ነው፤ ቢቻል እፊቱ ተቀምጦ አንድ ሁለት ዜማ ይጫወትለት። ሠሪው እጁን አይቶ «ለአንተ ይህኛው ይሆናል» ብሎ የሚያነሣውን ሳንቃ፣ ስሙ ባይጥመን እንኳ ከምኞታችን ዛፍ እናስበልጠዋለን። ውፍረቱንና ከሥሩ የሚጋደሙትን ደጋፊ ርብራቦች ለዚያ ሳንቃ አስማምቶ የሚጠርበው እሱ ነውና።

ጊታሩ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም አስቀድሞ ይነገረው። ስስ ሳንቃ አየሩ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ የተሠራው እርጥበት ባለበት አገር ከሆነ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየር ፊቱ መሐል ለመሐል ሊሰነጠቅ ይችላል። በነዚያ ወራት ከሣጥኑ ሳይወጣ ማደሩና፣ ሣጥኑ ውስጥ ክዳኑ በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ እርጥብ ስፖንጅ ማኖሩ ይበቃዋል፤ ስፖንጁ ግን ተጨምቆ ይግባ እንጂ ውኃ አይንጠብበት።