ከውበት መርፌ በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን ምልክቶቹና ሕክምናው

ከንፈርን ለማወፈር ወይም ጉንጭን ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋው ፊለር ለሰውነት ባዕድ ነገር ነው። በጅግጅጋም ይወጉት በሌላ ከተማ፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ተሕዋስያን ከመርፌው ጋር ይገባሉ። መርፌ የሕክምና ሥራ ነውና የፀጉር ቤት ወንበር ቦታው አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታይ ቀላል እብጠትና መበለዝ እያደር ይቀንሳል። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ መግልና ትኩሳት ግን የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ጠጠር ያለ እባጭ ሊወጣ ይችላል፤ ብዙዎች ከመርፌው ጋር ሳያያይዙት የሚዘገዩትም በዚህ ነው።

እባጩን መጭመቅ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በግምት አንቲባዮቲክ መዋጥ ጉዳቱን ያባብሳል። ሐኪም መግሉን አፍስሶና ናሙና አስመርምሮ ተስማሚውን መድኃኒት ያዛል። የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ መድኃኒት ይሟሟል፤ ሲሊኮን ግን ስለማይሟሟ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የተወጉትን ፊለር ማሸጊያ ይዞ መሄድ ሐኪሙን በእጅጉ ያግዛል።

ከተወጉ በኋላ ቆዳ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ዕይታም ከደበዘዘ የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። በቶጎ ውጫሌ ወይም በቀብሪበያህ ያሉ ታማሚዎች በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ተቋም ታይተው፣ ጅግጅጋ ወደሚገኙት የካራማራ ወይም የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች ሪፈር እንዲጻፍላቸው ይጠይቁ።