አርጎብኛን ታውቁታላችሁ?

ዓምድ፦ ቋንቋዎቻችን
አዘጋጅ፦ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የ8ኛ «ለ» ተማሪ

በዛሬው እትም ስለ አንድ ጎረቤታችን ስለሆነ ቋንቋ ላስነብባችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የቃል ጽሕፈት ስንጽፍ ሁላችንን የሚያስጨንቀን ነገር ምንድን ነው? «ቲቸር፣ በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ?» አይደል የምንለው? ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ሲነበቡ ልዩነት የላቸውም። ፊደሉ ሦስት፣ ድምፁ ግን አንድ ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ፊደሉን የወረስነው ከግዕዝ ነው። በጥንት ጊዜ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሐ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነው። ቁርኣን የምትቀሩ ልጆች «ሙሐመድ» ስትሉ ታወጡታላችሁ። ትግርኛ የሚናገሩም ያውቁታል። አማርኛ ውስጥ ግን ድምፁ ጠፍቶ ፊደሉ ብቻ ቀረ።

ይሄ እኛ ጋ የጠፋ ድምፅ ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ እስከ ዛሬ ይሰማል። የት? በአርጎብኛ ውስጥ።

የማን ቋንቋ ነው?

ከደሴ ተነስተን በኮምቦልቻና በሐርቡ አልፈን የአዲስ አበባውን አስፋልት ብንይዝ ከሚሴ እንደርሳለን። ከዚያ ወጣ ብሎ፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ሾንኬና ጦለሃ የሚባሉ መንደሮች አሉ። ሾንኬ በተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ ቤቶች የተሠራች መንደር ናት። ዕድሜዋ ከ900 ዓመት እንደሚበልጥ ይነገራል። የአርጎባ ሰዎች በሽመና፣ በንግድና በእርሻ የታወቁ ናቸው። ስማቸውም ከጥንቱ የኢፋት ሱልጣኔት ታሪክ ጋር አብሮ ይነሳል። ዛሬ በአማራ ክልል የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። በአፋር ክልልና በሐረር አካባቢም አርጎባዎች ይኖራሉ።

ስሙ «ዐረብ ገባ» ከሚለው መጣ የሚሉ አሉ። ቋንቋው ግን ከዐረብኛ የወጣ አይደለም። ከአማርኛ፣ ከሐረሪና ከስልጤ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከሁሉም የሚቀርበው አማርኛ ነው፤ እህትማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል።

«የተበላሸ አማርኛ» ነው?

አንዳንድ ሰዎች አርጎብኛ ሲሰሙ «ይሄማ የተበላሸ አማርኛ ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ቁጥር እንቁጠርና እንየው። እኛ «አንድ» የምንለውን እነሱ «ሐንድ» ይላሉ። ግዕዙ «አሐዱ» ነው። ሐን ማን እንደጠበቃት አያችሁ? «ሁለት» ሲሉ ደግሞ የሚጀምሩት በ«ከ» ድምፅ ነው። የግዕዙን «ክልኤቱ» ልብ በሉ፤ እሱም በ«ከ» ይጀምራል። የእኛም «ሁለት» የመጣው ከዚያው ነው፤ «ከ»ው ወደ «ሀ» ተቀየረብን እንጂ። እንዲያውም እዚህ ላይ የተለወጠው አማርኛ ነው፣ አርጎብኛ የቆየውን ይዟል። ሦስትና ስድስት ላይ ሲደርሱ ግን ከእኛ ጋር በጣም ይቀራረባሉ።

ስለ ብዙ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያጠኑት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንዴት ብልሽት ይባላል?

ታዲያ ለምን እየቀነሰ ሄደ?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነን ያሉ ከ140 ሺህ በላይ ነበሩ። አፋቸውን በአርጎብኛ የፈቱት ግን ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው። በሐረር በኩል ያሉት ወደ ኦሮምኛ፣ በአንኮበር በኩል ያሉት ደግሞ ወደ አማርኛ ዞረዋል። ነጋዴ በገዢው ቋንቋ ነው የሚነግደው። ጋብቻም አለ፣ ትምህርት ቤትም አለ። አያት ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል፣ የልጅ ልጅ አይሰማም። በሦስት ትውልድ አለቀ ማለት ነው። ሾንኬና ጦለሃ ላይ የቆየው ሰዉ ተራራው ላይ እርስ በርሱ ስላወራበት ነው።

ግን ሌላ ቋንቋ መማር የራስን ያስጠፋል ማለት አይደለም። ጋና ውስጥ ትዊ የሚባል ቋንቋ አለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ይናገሩታል። የጋና የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ትዊ በገበያ፣ በሬዲዮና በፊልም አለ። መዝገበ ቃላቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ስም የሚያወጡትም በቋንቋቸው ነው፤ «ኮፊ» ማለት ዓርብ የተወለደ ወንድ፣ «ክዋሜ» ደግሞ ቅዳሜ የተወለደ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን የተወለዱት ዓርብ ቀን ነው። እንግሊዝኛ ተማሩ እንጂ ትዊን አልጣሉም።

ከአንዲት እናት ቤት

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከአንዲት የክበባችን አባል ጋር ኮምቦልቻ ወደሚኖሩት አያቷ ሄድኩ። ትውልዳቸው በሾንኬ በኩል ነው። «እማማ፣ እስቲ በአርጎብኛ ይቁጠሩልን» አልናቸው። ሳቁና በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩ። «ሐንድ» ሲሉ ጓደኛዬ ደግማ ልትል ሞከረች፤ «አንድ» ነው የወጣላት። «ከጉሮሮሽ አውጪው ልጄ» አሏት። አራት ጊዜ ሞክራ በአምስተኛው ወጣላት።

«ለምን ለልጆችዎ አላስተማሩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ትምህርታቸው በአማርኛ፣ ገበያው በአማርኛና በኦሮምኛ፤ ለማን ይናገሩት ብዬ ነው» አሉ። ድሮ ከእህታቸው ጋር ያወሩበት ነበር። እህታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ በአርጎብኛ የሚያወሩት ሰው የለም። አገር ቤት ስልክ ሲደውሉ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዛ አያቷ ጋ ትሄዳለች። እስካሁን 43 ቃል ጽፋለች። ሐ ያለበትን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ነው የምትጽፈው፤ ድምፁ እንዳይጠፋባት።

እኛስ ምን እናድርግ?

1. ቤታችን ወይም ጎረቤታችን አርጎብኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ትልቅ ሰው ካለ አሥር ቃል ጠይቀን እንጻፍ። ማን እንደነገረን፣ ከየት አካባቢ እንደሆኑም እንመዝግብ።
2. ስልክ ያለው ሰው ካለ፣ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን አስፈቅዶ ድምፃቸውን ይቅረጽ። «ሐ» በወረቀት ብቻ አይያዝም።
3. በሌላ ቋንቋ የሚናገር ተማሪ ላይ አንሳቅ። የተሳቀበት ልጅ ነገ ከእናቱ ጋር እንኳ ሰው ፊት አያወራም።

የሰበሰባችሁትን ዓርብ በረፍት ሰዓት ለክበባችን አምጡ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ስማችሁ ውስጥ ወይም በጓደኛችሁ ስም ውስጥ በሐመሩ ሐ የሚጻፍ አለ? ድምፁን ከጉሮሮ አውጥታችሁ ጥሩት። በትክክል ለጠራ ተማሪ ክበባችን አንድ እስክሪብቶ ይሸልማል። ዳኛዋ የጓደኛዬ አያት ናቸው፤ እመጣለሁ ብለውናል።

ሳምንት ያገናኘን!